ዓሣን በጥንቃቄ አብስሎ መብላት፦ ጀማሪዎች ደጋግመው የሚጠይቋቸው ጥያቄዎች

ዓሣ ከበሬና ከበግ ሥጋ ይልቅ ቶሎ ይበላሻል፤ ቶሎም ይበስላል። ጀማሪ የሚቸገረው በእነዚህ በሁለቱ ነው። ከሐይቅ እስከ ቤት ባለው መንገድ ሙቀት ላይ ያቆየዋል፤ ድስት ከገባ በኋላ ደግሞ ወይ ለብ አድርጎ ያወጣዋል ወይ እስኪፈርስ ይረሳዋል። መልሶቹ በአብዛኛው የአገራችንን ሐይቆች ዓሣ ይመለከታሉ፤ በውጭ አገር የባሕር ዓሣ ለሚገዙ የሚሆንም አለበት።

ለመጀመሪያ ጊዜ የትኛውን ዓሣ ልግዛ?

ቆሮሶ (ቲላፒያ) ይግዙ። ሥጋው ነጭ ነው፣ ጠረኑ አይከብድም፣ የጎኑና የጀርባው አጥንት ከወጣ በኋላ ሥጋው ውስጥ ተበታትኖ የሚቀር ቀጭን እሾህ የለውም። ከጫሞና ከአባያ የሚመጣው ናይል ፐርችም በዚህ በኩል ይመሳሰለዋል፤ ሥጋው ወፈር ስለሚል ለጉላሽና ለኮተሌት ይመቻል። አምባዛ ቅርፊት የለውም፣ ቅባቱም በዛ ይላል፤ ጠረኑን የማይወዱ ሰዎች ቢኖሩም ለወጥ ጥሩ ነው። ጣና ላይ ነጭ ዓሣ የሚባለውንና ካርፕን ግን ለጊዜው ይተዉዋቸው። ጣዕማቸው ግሩም ነው፤ ነገር ግን ሥጋቸው ውስጥ እንደ ባላ ጫፋቸው ለሁለት የተከፈለ ቀጫጭን እሾሆች ስላሏቸው መብላቱ ልምድ ይፈልጋል። ለሕፃናት ደግሞ ፈጽሞ አይሆኑም።

ለአንድ ሰው ከ150 እስከ 200 ግራም ፊሌቶ (አጥንቱ የወጣለት ሥጋ) ይበቃል። ከሙሉ ቆሮሶ የሚወጣው ፊሌቶ ከክብደቱ አንድ ሦስተኛ ገደማ ብቻ ስለሆነ፣ 1 ኪሎ ፊሌቶ ለማግኘት 3 ኪሎ ያህል ሙሉ ዓሣ ያስፈልጋል። የፊሌቶ ዋጋ ከፍ ብሎ ሲያዩት ይህን ያስቡ። ሙሉውን ለመጥበስ ከሆነ ከ300 እስከ 400 ግራም የሚመዝን አንድ ቆሮሶ ለአንድ ሰው ልክ ነው።

ትኩስ መሆኑን በምን አውቃለሁ?

ሙሉ ዓሣ ዕድሜውን መደበቅ አይችልም። ዓይኑ የጠራና ወጣ ያለ ይሁን፤ ከደፈረሰና ከሰረጎደ ቆይቷል ማለት ነው። የጭንቅላቱን ክዳን ገልጠው የሚተነፍስበትን ስንጥብ ይዩ፤ ደማቅ ቀይ ከሆነ ጥሩ ነው፣ ቡናማ ወይም ግራጫ ሆኖ ዝልግልግ ካለ ይተዉት። በጣት ጫን ሲያደርጉት ሥጋው ወዲያው መመለስ አለበት። ሆዱ ከፈነዳ ወይም የጎን አጥንቶቹ ከሥጋው ተላቀው ከታዩ የሆድ ዕቃው ሥጋውን መብላት ጀምሯል። ሽታውም የውሃ ሽታ እንጂ የሚቆረቁር የአሞኒያ ሽታ መሆን የለበትም። ስንጥቡ አስቀድሞ የወጣለት ዓሣ ሲቀርብልዎ ጣትዎንና አፍንጫዎን ይመኑ።

ፊሌቶ ሲሆን መለየቱ ይከብዳል። ጠርዙ ያልደረቀና ቢጫ ያልሆነ፣ ሥጋው ያልተሰነጣጠቀ፣ ከሥሩ ነጣ ያለ ውሃ ያላቆረ ይምረጡ። የቀዘቀዘ ፊሌቶ ከሱፐርማርኬት ሲገዙ ከረጢቱን ይደባብሱት፤ ውስጡ የበረዶ ቅንጣት በዝቶ ቁርጥራጮቹ አንድ ላይ ከተጋገሩ በመሃል ቀልጦ እንደገና የቀዘቀዘ ሊሆን ይችላል። በጾም ወቅት ፈላጊ ሲበዛ ከሩቅ ሐይቅ የመጣውም አብሮ ስለሚቀርብ ምልክቶቹን ሳያዩ አይክፈሉ።

ከዝዋይ ወይም ከሐዋሳ ገዝቼ ወደ አዲስ አበባ ስመለስ እንዴት ልያዘው?

ያለ በረዶ አይያዙት። ጥሬ ዓሣ ከፍሪጅ ወይም ከበረዶ ውጭ ከ2 ሰዓት በላይ መቆየት የለበትም፤ ሙቀቱ ከ32 ዲግሪ ካለፈ ደግሞ ከ1 ሰዓት በላይ። ከዝዋይ አዲስ አበባ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከሐዋሳ ደግሞ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ። ፀሐይ ላይ የዋለ የመኪና የኋላ ኮፈን ከውጭው አየር በጣም ይሞቃል፤ ዓሣ በፌስታል አስሮ እዚያ መወርወር ብዙ ቤተሰብን ያሳመመ ልማድ ነው።

ከመነሳትዎ አንድ ቀን በፊት በባዶ የሃይላንድ ፕላስቲኮች ውሃ ሞልተው ፍሪዘር ውስጥ ያርጉ፤ ውሃ በረዶ ሲሆን ስለሚያብጥ አፋቸው ድረስ አይሙሏቸው። ለ1 ኪሎ ዓሣ 1 ኪሎ በረዶ ያስቡ። ዓሣውን እዚያው የሆድ ዕቃውን አስወጥተው፣ በንጹሕ ፌስታል ጠቅልለው፣ ከላይም ከታችም በረዶ አድርገውበት ክዳን ባለው የበረዶ ሳጥን ያስገቡት። ግዢውንም ለመመለስ ሲነሱ ያድርጉት፤ ከምሳ በፊት ገዝቶ ከሰዓት በኋላ ሲዝናኑ መዋል አይሆንም።

ቤት ውስጥ እንዴት ላጽዳው?

መጀመሪያ ክንፎቹን በመቀስ ይቁረጡ። የቆሮሶ የጀርባ ክንፍ እሾህ ጣት ይወጋል፤ አምባዛም ከጭንቅላቱ ኋላ ግራና ቀኝ ጥርስ ያለው ጠንካራ እሾህ አለው። አምባዛ አየር መተንፈስ ስለሚችል ከውሃ ወጥቶም ብዙ ሰዓት በሕይወት ይቆያል፤ ድንገት ሲገላበጥ እጅ ይቆርጣል። ከወጋዎ ቁስሉን በሳሙናና በብዙ ውሃ ይጠቡ፤ ካበጠና ከቀላ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂዱ።

ቀጥሎ ቅርፊቱን ከጭራው ወደ ጭንቅላቱ በቢላ ጀርባ ይፋቁ። ወጥ ቤቱ ሁሉ ቅርፊት እንዳይሆን ዓሣውን ሰፊ ሳህን ውሃ ውስጥ ነክረው ይሥሩት። ከዚያ ከሥር ካለው ቀዳዳው ጀምረው እስከ ጉሮሮው ሆዱን ይሰንጥቁ። እዚህ ላይ አይቸኩሉ፤ የቢላው ጫፍ ብቻ ይግባ፣ ስለቱም ወደ ላይ ይዙር። ቢላው ጠልቆ ሐሞቱን ከበሳው አረንጓዴ ፈሳሽ ይረጭና የነካውን ሥጋ ሁሉ ያመራል። ከሆነም ወዲያው በብዙ ውሃ ያጥቡት፤ ቀለም የያዘውን ቦታ ቆርጠው ይጣሉ።

የሆድ ዕቃውን ካወጡ በኋላ ሥራው ያለቀ ይመስላል፤ ሁለት ነገሮች ግን ይቀራሉ። የሆዱን ውስጠኛ ግድግዳ የሸፈነው ጥቁር ስስ ሽፋን በጨርቅ ተፈትጎ ይውጣ። በጀርባው አጥንት ላይ ተጋድሞ የሚታየው ጥቁር ቀይ የደም መስመር ደግሞ በቢላ ጫፍ ተሰንጥቆ በማንኪያ ይፋቅ። ወጥ ውስጥ ገብቶ የሚከረፋውና የሚያመርረው በአብዛኛው እነዚህ ሁለቱ ሲቀሩ ነው። ስንጥቡንም ያውጡ፤ ጭንቅላቱን ለሾርባ ቢፈልጉትም ስንጥቡ አብሮ አይቀቀልም። ጉበቱንና አንጀቱን አይብሉ። እንደ ቆቃ አረንጓዴ አልጌ የሚበዛበት ሐይቅ ዓሣ ከሆነ የአልጌው መርዝ በይበልጥ የሚጠራቀመው እዚያ ነው፤ እሳትም አያጠፋውም።

ሲጨርሱ መክተፊያውን፣ ቢላውንና የውሃ መውረጃውን በሙቅ ውሃና በሳሙና ይጠቡ፤ ከዚያ በ4 ሊትር ውሃ 1 የሾርባ ማንኪያ በረኪና በጥብጠው ያዳርሱበት። ሰላጣና ቃሪያ በዚያው መክተፊያ መክተፍ ዓሣውን በደንብ ያበሰለን ሰው እንኳ ያሳምማል፤ ሰላጣው እሳት አያየውምና።

የጭቃ ጠረኑ እንዴት ይጠፋል?

ይህ ጠረን ጂኦስሚን ከሚባል ነገር ይመጣል፤ ውሃ ውስጥ የሚኖሩ ረቂቅ ተሕዋስያን ይሠሩታል፣ ዓሣው ቅባት ውስጥ ይጠራቀማል። የመበላሸት ምልክት አይደለም። ከቆዳው ሥር ያለውን ጠቆር ያለ ቀይ ሥጋ ቆርጠው ያውጡ፤ ከዚያ በ1 ኪሎ ሥጋ የ2 ሎሚ ጭማቂና 1 የሻይ ማንኪያ ጨው አሽተው ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ፍሪጅ ውስጥ ያቆዩት። አሲድ ጂኦስሚንን ስለሚለውጠው ጠረኑ ይቀንሳል። ኮምጣጤም ያንኑ ይሠራል። ከግማሽ ሰዓት በላይ ግን አይተዉት፤ ሥጋው ይነጣና ሲጠበስ ይፈረፈራል። የአምባዛን ዝልግልግ ቆዳ በደረቅ ጨው አሽቶ ማጠብ ወይም ጨርሶ መግፈፍ ይሻላል።

ሎሚና ዳጣ ካለ ጥሬውን መብላት ይቻላል?

ሐዋሳ አሞራ ገደል የዓሣ ገበያ ሄዶ ትኩስ ዓሣ በዳጣ ጥሬውን የበላ ብዙ ሰው ምንም አልሆንኩም ይላል። እንደዚያ ብሎ በተደጋጋሚ ማምለጥ ይቻላል፤ አደጋው ግን አለ፣ ከዓሣው ትኩስነትም ጋር አይገናኝም። በሐዋሳ፣ በዝዋይና በጣና ዓሦች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ኮንትራሲከምና ክሊኖስቶመም የተባሉ ጥገኛ ትሎችን ደጋግመው አግኝተዋል። ክሊኖስቶመም ሥጋው ውስጥ ወይም ስንጥቡ አካባቢ ቢጫ ትንሽ ፍሬ ሆኖ በዓይን ይታያል፤ በጥሬው ሲበላ የሰው ጉሮሮ ላይ የሚጣበቅበት ጊዜ አለ። ዛሬ ጠዋት የተያዘ ዓሣ ውስጥ ያለ ትል ዛሬ ጠዋት ሕያው ነው።

ሎሚ ሥጋውን ሲያነጣው የበሰለ ያስመስለዋል። የተለወጠው የሥጋው መልክ ነው፤ ትሉና ተቅማጥ የሚያመጡት ባክቴሪያዎች ግን በዚያ አይሞቱም። ዳጣ፣ ሚጥሚጣ፣ አዋዜ፣ አረቄም እንዲሁ። ለብለብና ዱለትም በዚሁ ሚዛን ይታያሉ፤ መሃሉ ጥሬ የሆነ ዱለት ጥሬ ዓሣ ነው። የዱለት ጣዕም ከወደዱ ሥጋውን አድቅቀው ከትፈው በሽንኩርት፣ በቃሪያና በሚጥሚጣ ጥሬ ቀለሙ እስኪጠፋ ያብስሉት። ደቆ ስለተከተፈ ከ5 እስከ 6 ደቂቃ ይበቃዋል፤ ጣዕሙም አይጎድልም።

ማቀዝቀዝ ትሉን ይገድላል፤ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በጥሬው ለሚበላ ዓሣ የሚጠይቀው ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ለ7 ቀን ማቆየት ነው። መብራት የሚሄድበት፣ በሩ በየሰዓቱ የሚከፈት የቤት ፍሪዘር ይህን ቅዝቃዜ ሳያቋርጥ ላይይዝ ይችላል። ባክቴሪያውን ደግሞ ቅዝቃዜ ያስተኛዋል እንጂ አይገድለውም። ማብሰሉ ይሻላል።

መብሰሉን በምን አውቃለሁ?

ቴርሞሜትር ካለዎት ወፍራሙ ቦታ መሃል 63 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ በስሏል። ከሌለዎት ሹካ በቂ ነው። ወፍራሙን ቦታ ወግተው በቀስታ ያዙሩት፤ ሥጋው በንብርብሩ ከተላቀቀና ውስጡ ድረስ ከነጣ ጨርሷል። መስታወት የመሰለ ሥጋ ከታየ ወይም ሥጋው አጥንቱን አልለቅ ካለ ገና ነው። ለጊዜ ግምት 2.5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ላለው ቁራጭ 10 ደቂቃ ያስቡ፤ የቆሮሶ ፊሌቶ ከዚያ ስለሚሳሳ ከ4 እስከ 6 ደቂቃ ይበቃዋል። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ውሃ 92 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ይፈላል፤ ለዓሣ ከሚያስፈልገው በጣም ስለሚበልጥ ለሾርባና ለወጥ ምንም ስጋት የለም።

ስጠብሰው ለምን መጥበሻው ላይ ይጣበቃል?

ዓሣው እርጥብ ነበር፣ ዘይቱ አልጋለም ነበር፣ ወይም ሳይደርስ ተነክቷል። ሙሉ ቆሮሶን በሁለቱም ጎን እስከ አጥንቱ ሦስት ሦስት ቦታ ይተልትሉት፤ ጨው አሽተው 10 ደቂቃ ካቆዩ በኋላ የወጣውን ውሃ በንጹሕ ጨርቅ ያድርቁት። ስስ የፉርኖ ዱቄት ቢነሰንሱበት ይረዳል። ዘይቱ ከ175 እስከ 180 ዲግሪ ይድረስ፤ ቁራጭ ዳቦ ሲጥሉበት ወዲያው አረፋ ከብቦት ከተንሳፈፈ ደርሷል፣ ከጨሰ አልፏል። ዓሣውን ከራስዎ በኩል ወደ ማዶ ያስተኙት፤ ፍንጣሪው ወደ እርስዎ አይመጣም። ከዚያ ከ4 እስከ 5 ደቂቃ አይንኩት። ውጩ ደርቆ ቅርፊት ሲሠራ ራሱ ይለቃል፤ ያኔ አገላብጠው ያንኑ ያህል ይጨምሩለት።

ብዙ ዓሣ በአንድ ጊዜ መክተት ዘይቱን ያቀዘቅዘዋል፤ ውጩ ዘይት ይጠጣል፣ ውስጡ ጥሬ ይቀራል። ዘይቱ እሳት ከያዘ ውሃ እንዳይደፉበት። ምድጃውን አጥፍተው በክዳን ይድፈኑት።

የዓሣ ወጥ ስሠራ ሁሉም ፈርሶ ገንፎ ይሆንብኛል፤ ምን ላድርግ?

እንደ ዶሮ ወጥ ዓሣው ከቁሌቱ ጋር አብሮ አይቆይ። ወጡ ሙሉ በሙሉ ሲያልቅ ነው ዓሣው የሚገባው። ለ1 ኪሎ ፊሌቶ ደቀው የተከተፉ 5 መካከለኛ ቀይ ሽንኩርት፣ 150 ሚሊ ሊትር ዘይት፣ 3 የሾርባ ማንኪያ በርበሬ፣ አንድ አንድ የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ያዘጋጁ። ሽንኩርቱን ያለ ዘይት 15 ደቂቃ ያህል ያብስሉት፤ ዘይቱን፣ ቀጥሎ በርበሬውን ይጨምሩ፤ እንዳያርር ጠብ ጠብ እያደረጉ ውሃ እየሰጡ 20 ደቂቃ ያቁላሉት። ነጭ ሽንኩርቱንና ዝንጅብሉን፣ ከዚያ ግማሽ ሊትር ውሃ ጨምረው እስኪወፍር ያንተክትኩት። ጨውና መከለሻውን አሁን ያስተካክሉ፤ ዓሣው ከገባ በኋላ ማማሰል የለም።

በጎን ደግሞ ዓሣውን በትልልቁ ቆርጠው፣ ዱቄት ነስንሰው፣ በየጎኑ 2 ደቂቃ ብቻ ይጥበሱት። ይህ ውጩን ስለሚያጠነክረው ወጥ ውስጥ አይበተንም። በአንድ ረድፍ ወጡ ላይ ያስተኙት፣ እሳቱን ይቀንሱ፣ ከ8 እስከ 10 ደቂቃ ያብስሉ። ማማሰያ አያስገቡ፤ ድስቱን በሁለቱ ጆሮዎቹ ይዘው ወዝወዝ ያድርጉት።

ፍሪጅና ፍሪዘር ውስጥ ምን ያህል ይቆያል?

ፍሪጁ 4 ዲግሪ ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ጥሬ ዓሣ ከ1 እስከ 2 ቀን፣ የበሰለ ከ3 እስከ 4 ቀን ይቆያል። ፍሪዘር ውስጥ ቅባት የሌለው ዓሣ ከ6 እስከ 8 ወር፣ ቅባታም ዓሣ ከ2 እስከ 3 ወር ጣዕሙን ይይዛል። ለአንድ ምግብ በሚበቃ መጠን ከፋፍለው፣ አየሩን ጨምቀው አውጥተው፣ ቀኑን ጽፈው ያስቀምጡ።

ለማቅለጥ ማታ ከፍሪዘር ወደ ፍሪጅ ያውርዱት። ከቸኮሉ ውሃ በማያስገባ ከረጢት ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ይንከሩትና በየ30 ደቂቃው ውሃውን ይቀይሩ፤ እንደቀለጠም ያብስሉት። በሙቅ ውሃ ወይም ጠረጴዛ ላይ ትቶ ማቅለጥ ውስጡ ገና በረዶ ሳለ ውጩን ያበላሸዋል። አየሩ ተመጥጦ የታሸገ የውጭ አገር ዓሣ ከሆነ ከመቅለጡ በፊት እሽጉን ይክፈቱት፤ ቦቱሊዝም የተባለውን አደገኛ የምግብ መመረዝ የሚያመጣው ባክቴሪያ አየር በሌለበት ቦታ ነው መርዙን የሚሠራው።

መብራት ከሄደ የፍሪጁን በር አይክፈቱ፤ ካልተከፈተ 4 ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል። ከዚያ ካለፈ ጥሬውን ዓሣ ይጣሉት። ያሳዝናል፣ ግን ይጣሉት።

ነፍሰ ጡር ነኝ፤ ለልጆቼስ መስጠት እችላለሁ?

ይችላሉ፣ ይጠቅማልም፤ ግን በደንብ የበሰለ ብቻ። የሚያሳስበው ሜርኩሪ ነው፤ ትልልቅና ረጅም ዕድሜ የሚኖሩ፣ ሌላ ዓሣ የሚበሉ የባሕር ዓሦች ውስጥ ይጠራቀማል። ሻርክ፣ ሰይፍ ዓሣ፣ ማርሊን፣ ኪንግ ማኬሬልና ቢግአይ ቱና ለነፍሰ ጡርና ለምታጠባ እናት አይሆኑም። ቲላፒያ፣ ካትፊሽ (የአምባዛ ወገን)፣ ሳርዲንና ሳልመን የአሜሪካ የጤና ባለሥልጣናት ዝቅተኛ ሜርኩሪ አላቸው ብለው ከመደቧቸው ውስጥ ናቸው፤ በሳምንት ከ225 እስከ 340 ግራም ይመከራል። ሱሺና ሳይበስል የሚበላ ጢስ የጠጣ ዓሣ በእርግዝና ወቅት ይቅር።

ከ1 እስከ 3 ዓመት ላለ ልጅ በአንድ ጊዜ 30 ግራም ገደማ ይበቃል። በዓይን አይተው አይጨርሱ፤ ሥጋውን በጣትዎ ፈርፍረው እሾህ መኖሩን ይዳብሱ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰጡ ትንሽ ሰጥተው ይጠብቁ። ከንፈሩ ካበጠ፣ ሰውነቱ ላይ ሽፍታ ከወጣ ወይም ትንፋሽ ካጠረው አለርጂ ነውና ወዲያው ወደ ሐኪም ይውሰዱት።

እሾህ ጉሮሮዬ ላይ ቢሰካስ?

እንጀራ ወይም ዳቦ ጠቅልሎ መዋጥ የተለመደ ቢሆንም አያድርጉት፤ እሾሁን ይበልጥ ሊሰካው ወይም ወደ ታች ገፍቶ ጉሮሮውን ሊቀደው ይችላል። በጣትም አይቆፍሩ። ሳል ያድርጉ፣ ትንሽ ውሃ ይጎንጩ። ስሜቱ ካልለቀቀ፣ ምራቅ መዋጥ ካስቸገረ፣ ደም ከታየ ወይም ደረትዎን ካመመዎ በዚያው ቀን ሆስፒታል ይሂዱ፤ ትንፋሽ ካጠረ ደግሞ በዚያው ደቂቃ።

ቱና በልቼ ፊቴ ቀላ፣ ልቤም መታ፤ አለርጂ ነው?

ላይሆን ይችላል። ቱና፣ ማኬሬልና ሳርዲን ሙቀት ላይ ከቆዩ ባክቴሪያዎች ሥጋቸው ውስጥ ሂስታሚን የተባለ፣ አለርጂ የሚመስል ምልክት የሚያመጣ ነገር ይሠራሉ። ከተበላ በኋላ ከደቂቃዎች እስከ ሁለት ሰዓት ገደማ ባለው ጊዜ ፊት ይቀላል፣ ራስ ያማል፣ ልብ ይመታል፤ አፍ ላይም የሚያቃጥል የበርበሬ ዓይነት ጣዕም የሚሰማው አለ። ሂስታሚን አንዴ ከተሠራ በማብሰልም በማቀዝቀዝም አይጠፋም፤ መከላከያው ከመጀመሪያው ማቀዝቀዝ ብቻ ነው። ሐኪም ዘንድ ሲሄዱ የበሉትን የዓሣ ዓይነትና ሰዓቱን ይንገሩ፤ ከአለርጂ ለመለየት ይረዳል።

ዓሣ በልቶ ወተት መጠጣት ይጎዳል?

ትኩስና የበሰለ ዓሣ ለወተትም ሆነ ለዓሣ አለርጂ ለሌለበት ሰው ከወተት ጋር ጉዳት እንደሚያመጣ የሚያሳይ ማስረጃ የለም።

የቆርቆሮ ሳርዲንና ቱና ማብሰል ያስፈልጋቸዋል?

አያስፈልጋቸውም፤ ታሽገው በከፍተኛ ሙቀት ስለበሰሉ እንዳሉ ይበላሉ፣ የሳርዲኑ አጥንትም ለስልሶ ይበላል። ያበጠ፣ የሚያንጠባጥብ፣ በመገጣጠሚያው ላይ በኃይል የተጨፈለቀ ወይም ሲከፈት ፈሳሽ የሚረጭ ቆርቆሮ ግን ሳይቀመስ ይጣል። ከከፈቱት በኋላ የተረፈውን ወደ ብርጭቆ ዕቃ ገልብጠው፣ ከድነው ፍሪጅ ውስጥ ያስቀምጡና ከ3 እስከ 4 ቀን ባለው ጊዜ ይጨርሱት።